ቅል የቀበርን ዕለት

አይ፣ መጀመሪያ ሳቃችሁን ጨርሱ። አራት ትልልቅ ወንድ በቀትር ፀሐይ ቅል ቀብሮ አለቀሰ ስላችሁ የሳቃችሁ ሁሉ፣ ጨርሱና ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰክረን አልነበረም፤ በዚያ ካምፕ እንኳን አረቄ ውኃውም በሰልፍ ነው። ፀሐይ መትቷችሁ ነው ያላችሁት ደግሞ፣ እርግጥ መትቶናል፤ ግን ፀሐይ የመታው ሰው ራሱን ይዞ ይወድቃል እንጂ ቅል በአቡጀዲ አይገንዝም። አንዱማ ባለፈው ዶካ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ «የጫኔን ወሬ ተዉት፣ ጫኔ አፉን ከከፈተ የሞተ ያስነሳል» አለ አሉ። ወንድሜ፣ የሞተ ማስነሳት ብችል ኖሮ ያንን ሥራ ምን አሠራኝ?

ጫኔ እኔ ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው። አራተኛን ያልገባሁት ሰንፌ አይደለም፤ ጦርነቱ ሲመጣ ከኔ ቀድሞ የሮጠው አስተማሪው ነው። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሡኝ፣ ነገሩ አልተንጋደደም። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከመተማ እየተሻገርሁ በዶካ በገዳሪፍ እርሻ ሰሊጥ አጫጅ ነበርሁ፤ በማጭድ የሚቀድመኝ አልነበረም፣ ይህን ጠላቴም ይመሰክራል። በረሃቡ ዓመት ግን ዝናቡ የኛን አገር ብቻ አይደለም የከዳው፣ የሱዳኑም ሰሊጥ ከነሥሩ ደረቀ። ሥራ ጠፋ። ከወድ ኤል ሒለው ወዲህ ባለው የስደተኛ ካምፕ ሰው ይቀጥራሉ ሲሉ ሰማሁና በሎሪ ጀርባ ተንጠልጥዬ ሄድሁ። ምን ሥራ ነው ስላቸው ቁፋሮ አሉኝ። እኔም ሽንት ቤት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዶማውን ተቀበልሁ። መቃብር መሆኑን ያወቅሁት በማግሥቱ ጧት ነው።

ሦስት ቆፋሪ ነበርን። አንዱ ኢድሪስ ነው፣ እንደኔው የመተማ ልጅ፣ ሙስሊም፤ የሙስሊሞቹን መቃብር አቅጣጫ የሚያሳየን እሱ ነው። ሌላው አያ ፈንታ ናቸው። የወገራ ሰው፣ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ። አለቃችን ዑስማን የሚባል የገዳሪፍ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛውን ከሰሊጥ አጫጆች የለቀመው ነው፤ ሙዲር እንለዋለን፣ አለቃ ማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጆች ወተት ከሚጠጡበት ዳስ፣ በሽተኛ ከሚተኛበት ድንኳን፣ ሌሊት የሞተው ሁሉ ጧት በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ይመጣል። እኛ እንቆፍራለን፣ ቄሱ ወይ ሼኩ የድርሻቸውን ይላሉ፣ እንመልሳለን፣ ወደሚቀጥለው። ያ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እግር ይውጣል፤ ከሥሩ ግን ብረት ነው፣ ዶማ ሲያርፍበት ከክንድህ እስከ ጥርስህ ይንቀጠቀጣል። በዋልካ ላይ ከኔ የሚፈጥን አልተወለደም። ይህን ስል ጉራ አይደለም፣ ማለቴ ጉራ ነው ግን እውነት ነው።

ሬሳ ስታነሡ ውላችሁ እንዴት አመሻችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ሙዲሩ ጧት ጧት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ቀረ። አገር ቤት ሰው ቀብረህ እጅህን ታጥበህ ለቅሶ ቤት ትቀመጣለህ፤ አንዱ ስለ ሟቹ ያወራል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱም ያስቃል፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እኛ የማናውቀውን ሰው ቀብረን፣ ሳንቀመጥ፣ ወደየድንኳናችን። ኢድሪስ እጁን ማጠብ አላቆም አለ፤ ውኃ ሲያጣ በአሸዋ ይፈትገው ነበር፣ ቆዳው እስኪላጥ። አያ ፈንታ ጭራሽ መናገር ተዉ። እኔን ግን ምንም አልነካኝም። እንዲያ እል ነበር። ብቻ ኪስራ፣ የሱዳኑን እንጀራ፣ ስቆርስ አፈር አፈር ይለኛል። ደግሞ የተኛ ሰው ካየሁ በዓይኔ እለካዋለሁ። ኢድሪስ ጎኔ ተኝቶ ሳለ አራት ክንድ ከስንዝር ብዬ፣ ኧረ ምን ሆንሁ ብዬ ፊቴን አዞርሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ምን ብዬ? እኔ ቀልደኛው ነኝ። ሙዲሩ ራሱ ጫኔ ባይኖር ይኼ ሥራ አይሠራም እያለ ያሞግሰኝ ነበር። እኔም እቀልዳለሁ። መቃብር ውስጥ ቆሜ እቀልዳለሁ።

በአያ ፈንታ ቅል እንኳ ቀልጃለሁ። ትንሽ ቅል ነበረቻቸው፣ በጠፍር የምትንጠለጠል፣ ሁለት ጉንጭ ውኃ የምትይዝ። ከሷ ሌላ በምንም አይጠጡም፤ ለሰውም አያውሷትም። አንድ ቀን፣ «አያ ፈንታ፣ ይህችን ቅል በቁርባን ነው ያገቧት?» አልኋቸው። ኢድሪስ ሳቀ። እሳቸው ቅሏን በጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ዶማቸውን አነሡ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

አንድ ሰሞን ሞቱ በዛ። እኛ እየቆፈርን እናቶች ሬሳ ታቅፈው ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ሙዲሩ ይህን ማየት አልቻለም፤ ፊቱን እያዞረ ይቆም ነበር። እኔ አፌን አላሳርፍ ብዬ፣ ዛሬ ከሰዓት ቀድመን ብንቆፍር ጧት ማንም አይጠብቅም፣ እኔ ብቻዬን አራት አወጣለሁ አልሁት። ሙዲሩ፣ «ታማም» አለ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አያ ፈንታ ያን ቀን በስንት ጊዜ ተናገሩ።

«ሰው ሳይሞት መቃብር አይቆፈርም። አፉን ከፍቶ ያደረ ጉድጓድ ሰው ይጠራል።»

«እዚህማ ሳይጠራም እየመጡለት ነው፣ አያ ፈንታ» አልሁ።

ይህን ያልሁበትን አፌን እስከዛሬ አልወደውም።

አምስት ቆፈርን፤ አራቱ በኔ እጅ። ሁለቱን ትንንሽ አደረግኋቸው፣ ብዙ የሚመጣው ያ ነበርና። ማንም ልክ አልሰጠኝም፤ ዓይኔ ለምዷል። አያ ፈንታ ሊመሽ ሲል ተመልሰው በአምስቱም አፍ ላይ ዶማና አካፋ፣ ያጣውም ላይ እንጨት አጋደሙበት፣ ባዶ እንዳይሆን። እኔ ከኋላቸው እየሳቅሁ ነው።

በማግሥቱ ጧት አራት ሬሳ መጣ። ቀብረን ስንጨርስ ገና ሁለት ሰዓት ነው። አንዷ ትንሿ ጉድጓድ ተረፈች። «ዛሬ አንዷ ሥራ ፈታች» አልሁ። ኢድሪስ አልሳቀም። አያ ፈንታ ከጉድጓዷ አፍ ቆመው ቁልቁል እያዩ ነው። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ወረዱ፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ስበው ተቀመጡ፣ ቅሏን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ጥላ ፈልገው መስሎኝ ነበር። «ተከራይተው ነው?» ብዬ ወደ ራኩባው ሄድሁ። ራኩባ በአገዳ የተሠራ ዳስ ነው፤ ዕቃችን የሚቀመጥበት። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አልወጡም። አራት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ ወደ ጉድጓዱ ትገባ ጀመር። ኢድሪስ ሄዶ ውኃ ይጠጡ አላቸው። ቅሏ ሙሉ ናት፣ አይጠጡም። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ያያል፤ ላብ የላቸውም። በዚያ ሙቀት ላብ የሌለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ በሰሊጥ እርሻ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ አይደርስም።

ያኔ ቀልዴን ሁሉ አወረድሁ። ስለ ቄሱ አህያ አወራሁ፣ የኻዋጃውን፣ የፈረንጁን፣ አረማመድ አስመስዬ ተራመድሁ፣ ስለ ራሴ እናት ሳይቀር ቀለድሁ። አያ ፈንታ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ኢድሪስ ክንዴን ያዘኝ።

«ተው ጫኔ። ይኼ ሰውዬ እየሞተ ነው። ወላሂ እያየነው ሊሞት ነው።»

አምስት ሰዓት ላይ ሙዲሩ መጣ። አየ፣ ደነገጠ፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ከወተቱ ዳስ አንድ ልጅ እንደሞተ፣ ቀትር ላይ እንደሚያመጡት፣ ጉድጓዷ ቶሎ መለቀቅ እንዳለባት ነገረን። ካልወጡ ዘበኞች ጠርቶ በገመድ እንደሚያስጎትታቸው፣ ከዚያ ወዲያ ያበደ ሰው ተብለው ከሥራም ከካምፕም እንደሚወጡ ተናገረ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። እኚህን ሰው በገመድ ጎትተን ብናወጣቸው የሚወጣው ሥጋቸው ነው።

«ሙዲር፣ እስከ ቀትር ተወኝ» አልሁት። «ለልጁ ሌላ እቆፍራለሁ።»

«በዚህ ፀሐይ? በአንድ ሰዓት?»

«እኔ ጫኔ ነኝ።»

ዶማዬን አንሥቼ ከትንሿ ጉድጓድ ጎን፣ አንድ ክንድ ብቻ ርቄ፣ መሬቱን መታሁት። ኢድሪስ አፈሩን እየዛቀ ያወጣልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቆፍሬ አላውቅም። ጉልበቴ ድረስ ስገባ እጄ ደማ። ወገቤ ድረስ ስገባ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከአያ ፈንታ ጉድጓድ፣ ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ትቆፍራለህ?»

«ሰው ሊመጣ ነው፣ አያ ፈንታ። እርስዎ ያንን ስለያዙት ነው።»

«ማነው የሚመጣው?»

«ልጅ ነው አሉ።»

እኔም ቆፈርሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ስለማያዩኝ ይሁን ስለማላያቸው፣ ፊቴን ማስተካከል አላስፈለገኝም።

«ይችን የኔዋን ስትቆፍር ልኳን ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«ማንም። በዓይኔ ነው።»

«ሦስት ክንድ ናት። የውቢት ልክ ናት።»

ውቢት ማናት አልኋቸው። በዚያ በሁለት ጉድጓድ መካከል፣ አንዳችን ያንዳችንን ፊት ሳናይ፣ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ውቢት ልጃቸው ናት፣ የዘጠኝ ዓመት። እናቷ አገር ቤት ቀድማ ሞታለች። አባትና ልጅ ከሕዝብ ጋር ወጡ። ቀን የሚደበድብ አውሮፕላን ስለሚመጣ ጉዞው ማታ ማታ ነው፤ እሳት አታንድዱ፣ ድምፅ አታሰሙ ተብለዋል። ውኃ የምትይዘው ውቢት ናት፣ በዚያች ቅል። የድንበሩ ወንዝ ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ልጅቱ ተቀመጠች፤ ተነሺ ሲሏት አልተነሣችም። ሰዉ እያለፈ ነው። ዶማ የለ፣ አካፋ የለ። በእጃቸው ድንጋይ ለቅመው ከመሩባት። ሊያለቅሱ ሲሉ አንዱ አፋቸውን በእጁ ያዘ፣ ሰው ታስጨርሳለህ ብሎ። እሺ አሉ። ተነሥተው ሄዱ።

«እሺ አልሁ፣ ጫኔ። ከዚያ ወዲያ ዕንባው የት እንደገባ አላውቅም። አሁን ዶማ አለኝ። ጧት ማታ የሰው ልጅ እቆፍርለታለሁ። የሷን እርም አላወጣሁም።»

ቀልድ ፈልጌ አፌን ከፈትሁ። ሌላ ጊዜ ሳልፈልገውም ይመጣ ነበር። አልመጣም። ዶማዬ ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ያቺን ቅል በቁርባን ነው ያገቧት ያልሁት እኔ ነኝ። የልጅቱን ልክ በዓይኔ ለክቼ የቆፈርሁት እኔ ነኝ። ኢድሪስ ከላይ አካፋውን ይዞ ቆሟል፤ እሱም ሰምቷል።

«እንግዲያው እንቅበራት» አልሁ።

«ምኗን?»

«ቅሏ አለች አይደል።»

ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ አንድ እጅ ወደ ላይ ወጣ፤ ቅሏን በጠፍሯ የያዘ።

«ያዝልኝ» አሉ። «ውኃው እንዳይደፋ።»

ከጉድጓዴ ዘልዬ ወጥቼ ተቀበልሁ። ከዚያ ኢድሪስና እኔ ብብታቸው ገብተን አወጣናቸው። እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ። ኢድሪስ ከጀሪካን ውኃ በጣሳ ሰጣቸው፤ ጠጡ። ከቅሏ በቀር በሌላ ሲጠጡ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሙዲሩ ነገሩን ኢድሪስ በዐረብኛ ሲነግረው ቆሞ ሰማ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ወደ ራኩባው ሄዶ ከአቡጀዲው ጥቅል ሁለት ክንድ ቀዶ ይዞ መጣ። እሱ ራሱ። ቄሱን ጠራናቸው። ቄሱ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ለቅል አይፈታም አሉ። ቀጥለው አያ ፈንታን አዩና፣ «ለልጅቱ ግን ይፈታል። የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉ። ወለተ ማርያም ናት። በስሟ ጸለዩላት። አያ ፈንታ ቅሏን ገንዘው፣ ራሳቸው ወርደው አስቀመጧት፣ ውኃዋን እንደያዘች። መጀመሪያ እፍኝ አፈር የመለሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ፣ ያ የማይናገር ሰው፣ በቀትር ፀሐይ፣ ደረቱን እየመታ ሙሾ አወጣ፤

«የሰው ልጅ ስቀብር ዶማ ተሸክሜ፣
የኔን በመንገድ ላይ ድንጋይ አሸክሜ።»

ለቅሶው እንዴት እንደያዘኝ አልነግራችሁም፤ ስም አለኝ። ይህን ብቻ ልበል፤ ኢድሪስ ተንበርክኮ ነበር፣ ሙዲሩ ፊቱን በሻሹ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቄሱን አልቆጥራቸውም፣ እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው። እኛ አራታችን የቀበርናቸውን ሁሉ ባንዴ ነው ያለቀስን። ያ ለቅሶ የአንዲት ቅል አልነበረም።

በመሐል ያ የሚመጣው ልጅ መጣ፣ እናቱ ታቅፋዋለች፣ ከኋላዋ ማንም የለም። አራት ወንድ ሲያለቅስ አይታ ቆመች። የማን ልጅ ነው ብላ ጠየቀች። አያ ፈንታ የኔ ናት አሏት። አጠገባቸው ተቀመጠች። ልጇን አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ስናስተኛው የሚያለቅስላት አላጣችም። አያ ፈንታ ዶማቸውን አልነኩም፤ ያን ቀን እንደ ለቅሶ ደራሽ ነው የተቀመጡት።

ከዚያ ወደ ድንኳን የሄደ የለም። አንዱ ላንዱ ውኃ እያፈሰሰ እጃችንን ታጠብን፤ ኢድሪስ አንዴ ታጥቦ ተወ። ራኩባው ሥር ተቀመጥን። ሙዲሩና ኢድሪስ መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ አሉ። ከዚያ ሙዲሩ በተሰባበረ አማርኛው፣ ገዳሪፍ ላለችው እናቱ ሥራዬ ዱቄት መመዘን ነው እንደሚላት፣ ከስድስት ወር ወዲህ ዓይኗን አይቶ እንዳልበላ ነገረን። እኔም ስለ ኪስራው ተናገርሁ፣ ሰው ተኝቶ ሳይ እንደምለካ ተናገርሁ። ኢድሪስ፣ «እኔን ስንት አገኘኸኝ?» አለ። አራት ክንድ ከስንዝር አልሁት። «አሳጥረኸኛል» አለ። አያ ፈንታ ሳቁ። ትንሽ ነው፣ ግን ሳቁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀድሞ የተቆፈረ ጉድጓድ የለም። ለሚጠብቁት እናቶች ሙዲሩ ራኩባ ሠራላቸው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሥራ ስንጨርስ አንዱ ላንዱ ውኃ ያፈሳል፣ እንቀመጣለን፣ ያን ቀን ያየውን አለመናገር አይቻልም፤ ያልተናገረ አይሄድም። ሙዲሩም ስንት ቀረ ማለት ትቶ እንዴት አደራችሁ ይለን ጀመር። ሞቱ አልቀነሰም፣ ደመወዙም ያው ነው። እኛ ግን እስከ ክረምቱ ሠራን፣ ማናችንም ሳናብድ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሎሪ የምትነዱም፣ በሽተኛ የምታነሡም፣ የሰው እህል የምትሰፍሩም፣ እኔ እኮ ምንም አልሆንሁም የምትሉ፣ ያ ቃል የኔ ነበር፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ያልሁት። አጠገባችሁ እየቀለደ የሚሠራውንም ሰው ደህና ነው አትበሉ። እኔ ድኛለሁ አልልም፤ ደክሞኛል፣ አሁንም የተኛ ሰው እለካለሁ። ብቻ አሁን ሲነጋ ለኢድሪስ እነግረዋለሁ፤ እሱም ይሰድበኛል፣ ያልፋል።

አሁንም ውሸት ነው የምትሉ፣ መንገዱ ክፍት ነው። ኢድሪስ ሾዋክ መኪና ተራ ከኔው ጋር ጭነት ያወርዳል፣ ሂዱና ጠይቁት። ሙዲሩን ጠይቁት፣ እናቱንም ጠይቋት፣ አሁን ታውቃለች። ካምፑ ድረስ ሄዳችሁ ሁለቱን ትንንሽ መቃብሮች ለኩ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ነው፣ ካነሰ ወይ ከበለጠ ጫኔ ውሸታም ነው። አያ ፈንታን ያገኘ ግን ስለ ቅሏ አይጠይቃቸው። ስለ ውቢት ይጠይቃቸው። ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ።